ከውስጥ የተጻፈ ስም

ባለፈው ወር ባቱ ላይ የአንድ ወፍጮ ቤት ሚዛን ልጠግን ገብቼ ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሹ ሚዛኖችን እየፈታሁ መልሼ እየገጠምኩ ለራሴ የለመድኩት ነው። ጎንበስ ብዬ ከሚዛኑ ሥር የተጋገረውን አቧራ ስፍቅ ከድንጋዩ አዲስ የተፈጨ ስንዴ ወረደና ሽታው ፊቴን መታኝ። ትኩስ ዱቄት የራሱ ሽታ አለው። ዳቦ ዳቦ አይልም፤ ለዚያ ገና ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ጆንያ፣ የጋለ ድንጋይና ትንሽ የተቃጠለ የሞተር ቀበቶ አንድ ላይ የሚሸቱት ሽታ ነው። እጄ ብሩሹ ላይ እንዳለ ቀረ። አዴ ብርቄ ከኋላዬ ቆመው አሁን የሚጮሁብኝ መሰለኝ።

አዴ ብርቄ አዳማ ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ በታች፣ ከእኛ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ኦሮምኛ የሚችለውም የማይችለውም የሰፈር ሰው «አዴ»፣ እናት፣ ነበር የሚላቸው። የአርሲ ነገሌ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሲሞት ወፍጮውን ራሳቸው ማሠራት ጀመሩ። ረዥም ነበሩ፣ ትከሻቸው ሰፊ። ቅንድባቸው ሁልጊዜ ነጭ ስለነበር ልጅ ሳለሁ እርጅና ይመስለኝ ነበር። አንድ እሑድ ታጥበው፣ ነጠላ ለብሰው ሲወጡ ቅንድባቸው ከሰል መስሎ ሳየው ነው ዱቄት መሆኑ የገባኝ።

ሃያ ምናምን ዓመት ከሞተር አጠገብ ስለቆሙ ጆሯቸው ከብዷል። ማንሾካሾክ አይችሉም ነበር። ምሥጢር ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ ይመስላቸዋል፤ አስፋልቱ ማዶ ያለው ሊስትሮ ግን አንድም ቃል ሳያመልጠው ይሰማል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ከጎናቸው ላለችው ሴት «ሟቹ እኮ ሰነፍ ነበር» ብለው በጆሮዋ ሲነግሯት ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ እንዳያቸው እናቴ እየሳቀች ስታወራ ትዝ ይለኛል። ከእናቴ የሚታወሰኝ ሳቅ ይኸ ብቻ ነው። ስድስት ዓመቴ ላይ ሞተች።

አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። አንዴ ከወጣ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ቤቱን የያዘችው እህቴ ሰብለ ናት። ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ትበልጣለች፤ ዝምተኛ ናት፤ ሁለታችንም ያው ነን። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ፋርማሲ መማር ትፈልግ ነበር። አባቴ «ስታገቢ ባልሽ ያስተምርሽ» ይላት ነበር። ባል የሚሆናት ዳዊት ነው፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ፣ ንግግር የማያበዛ ልጅ። ሰብለ ትወደው ነበር። ችግሩ ከእሱ አልነበረም። ችግሩ ከእናቱ፣ ሻሸመኔ ላይ ጨርቅ ከሚያከፋፍሉት ከወይዘሮ ጽጌ ነው የመጣው።

በእኛ ከተማ የሙሽራው ወገን ለሙሽራዋ የሚሰጠው ልብስና ወርቅ በጥሎሽ ቀን ሽማግሌዎች ፊት አንድ በአንድ እየተነሳ ይታያል። ከዚያ በፊት ሙሽራዋ ከወገኗ አንዲት ሴት ይዛ፣ የሙሽራው እናትም መጥተው፣ ወርቅ ቤት ሄደው አብረው ይመርጣሉ። ሽማግሌ የተላከ ዕለት የዳዊት ታላቅ ወንድም ሚስት ሄለን እኛ ማድ ቤት ገብታ ከሰብለ ጋር ሰሃን ስታጥብ አንድ ነገር ነገረቻት። የራሷን የሄለንን ወርቅ ከመልሱ ማግስት ወይዘሮ ጽጌ «ላስቀምጥልሽ» ብለው ወሰዱት። ይኸው አራት ዓመት ሆነው። ስትጠይቅ ተለውጦ ሸቀጥ እንደገባበት ሰማች።

ሰብለ ይህን ለአባቴ አልነገረችውም። ለአዴ ብርቄ ነገረቻቸው፤ ወፍጮው ይሠራ ስለነበር ጮኻ ነው የነገረቻቸው፣ እኔም ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። እህቴ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ብዙ አልፈልግም፣ አዴ። አንድ የራሴ ነገር ግን ይኑረኝ። ለትምህርቴ ይሁን ለክፉ ቀን አላውቅም። እሱንም ከወሰዱብኝ እዚያ ቤት ምን አለኝ?»

ሞተሩ ቆመ። ቀበቶው እስኪበርድ ቀስ እያለ ያፏጭ ነበር። አዴ ብርቄ ምን እንዳሉ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

«ወርቁን ስትመርጪ ከአንቺ ጋር እሄዳለሁ። ለአባትሽ እንዳትነግሪው።»

ቅዳሜ ጠዋት ቅንድባቸውን ታጥበው መጡ። ከቤቱ ወንድ ይኑር ብለው እኔንም አስከተሉኝ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ባጃጅ ውስጥ በመሀላችን ተቀምጠው የሰብለን ጉልበት ይዘው «ኢንተላ ኮ» አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሌላ ስም ጠርተዋት አያውቁም። «እኔም ሙሽራ ሳለሁ ወርቅ ለብሼ ነበር። ሦስት ቀን። በአራተኛው አማቴ ከአንገቴ ፈትታ ለሴት ልጇ አሰረችላት። ምንም አላልኩም። ድምፅ አልነበረኝም ያኔ።» የባጃጁ ሹፌር በመስተዋቱ አያቸውና ፈገግ አለ። እሳቸው አልሳቁም።

ወርቅ ቤቱ ጠባብ ነበር። የጋሽ ከማል ነው፤ ዐይናቸው ላይ እንደ ቡሽ ያለ ጥቁር ማጉያ የሚሰኩ፣ ጣታቸው በአሲድ የጠቆረ ሽማግሌ። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው አየር ላይ የጋዝ እሳት ይሸታል። እኔ ግን ዐይኔ ያረፈው ባንኮኒው ጫፍ ላይ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ በተቀመጠች ትንሽ ሚዛን ላይ ነበር። ሰው ሲተነፍስ ትወዛወዛለች። ሚዛን እንዲህ ፈሪ ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ የማውቀው የአዴ ብርቄን ኩንታል የሚመዝነውን ነው።

ወይዘሮ ጽጌ ቀድመው ደርሰዋል። ወፍራም፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ፣ ሲቀመጡ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ በሁለት እጅ የሚይዙ ሴት ናቸው። ዳዊት ከበሩ ውጪ መኪናው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

ጋሽ ከማል ቀይ ጨርቅ ዘርግተው ሦስት ዓይነት አወጡ። የመጀመሪያው የዱባይ ሥራ ሙሉ ስብስብ ነው። ሀብሉ ቅጠል በቅጠል ተደራርቦ ደረት ላይ ይወርዳል፤ ከእሱ ጋር ጉትቻ፣ ቀለበትና ሰፊ አምባር አለው፤ ሃያ አንድ ካራት፣ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ። ሁለተኛው የጣሊያን ሰንሰለት ነው፤ ነጭ፣ ቢጫና ቀላ ያለ ወርቅ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነበት፣ ጫፉ ላይ መስቀል ያለው። ሦስተኛው አንድ አምባር ብቻ ነው። ጌጥ የለውም፣ ቅርጽ የለውም፤ አሥራ ስምንት ካራት፣ ድፍን፣ የትንሽ ጣቴን ያህል የወፈረ።

«ሃያ አንዱ ያበራል ግን ለስላሳ ነው» አሉ ጋሽ ከማል። «አሥራ ስምንቱ መዳብ ስለሚገባበት ይጠነክራል። ክብደቱን ካላችሁኝ…» ስብስቡን በሙሉ ሚዛኗ ላይ አኖሩት፣ ከዚያ አምባሩን። ከሞላ ጎደል እኩል ወጡ። ያ ሁሉ ቅጠል ከአንዲት ድብልብል አምባር ጋር እኩል መሆኑን ማመን አቃተኝ።

«በሉ፣ አምባሩን አንሱት» አሉ ወይዘሮ ጽጌ። «ቪዲዮ ላይ ማን ያየዋል? ሙሽራ ደረቷ መሙላት አለበት። ነይ እስቲ፣ ሰብልዬ።» ሀብሉን ራሳቸው አሰሩላት፣ ጉትቻውን ሰኩላት፣ አምባሩንና ቀለበቱን አደረጉላት። ሰብለ መስተዋቱ ውስጥ ራሷን አየች። ቆንጆ ነበረች፣ አልዋሽም። እናቴ ይህን ብታይ ብዬ አሰብኩ፤ ለአፍታ እኔም ያ ሀብል እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

አዴ ብርቄ የስብስቡን አምባር ከሰብለ ክንድ አወለቁት። ማንበብ ስለማይችሉ ከውስጡ የተመታውን የካራት ቁጥር አላዩም። ገበሬ ያመጣላቸውን ስንዴ እንደሚያደርጉት መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ነቀነቁ።

«ገለባ» አሉ።

«ምን አሉ?» አሉ ወይዘሮ ጽጌ።

«ገለባ ነው አልኩ። ልጣጭ እንጂ ፍሬ የለውም። ጋሽ ከማል፣ ስም ይጽፋሉ አይደል ወርቅ ላይ? የልጅቷን ስም ከውስጡ ይጻፉልን።»

ጋሽ ከማል ማጉያቸውን ከዐይናቸው አወረዱ። «እዚህኛው ላይ አይሆንም፣ አዴ። ውስጡ ባዶ ነው። ብረቱ ሲነካው ይሰረጉዳል። ሰንሰለቱም ቦታ የለውም። ስም የሚችለው ድፍኑ ነው።»

«እንግዲያው ድፍኑን።»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ወይዘሮ ጽጌ። «ስም ያለበት ወርቅ ኋላ ማን ይገዛዋል?»

«ማን ሊሸጠው ነው?»

ወይዘሮ ጽጌ ቦርሳቸውን ከፍተው ዘጉት። «ሰው ይለውጣል እኮ። ፋሽን ያልፋል። እኔ ለእሷው ብዬ ነው።» አዴ ብርቄ ወደ ሰብለ ጠጋ ብለው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ከልለው፣ በጆሮዋ አንሾካሾኩላት። «አየሽ ኢንተላ ኮ፣ ራሳቸው ተናገሩት።» ባንኮኒው ጫፍ ላይ ቀለበት የምትሞክር አንዲት ሴት ሳቋን በሳል ልትሸፍን ሞክራ አልቻለችም።

የወይዘሮ ጽጌ ፊት ጠቆረ። «ብሩ የእኛ ነው።»

«ክንዱ የእሷ ነው።»

«እርስዎ ደግሞ እናቷ አይደሉም። ምን አገባዎት?»

«እናቷ ብትኖር ይሻልዎት ነበር። እሷ ቁጡ ነበረች።»

«እንግዲያው ነገሩ ይቅር። ልጄ ሴት አያጣም።» ወይዘሮ ጽጌ ተነሱ።

«ይቅር» አሉ አዴ ብርቄ። «ለድግሱ የፈጨሁት ጤፍ አይበላሽም። ሰፈሩ ይበላዋል።»

እኔ በእሳቸውና በግድግዳው መሀል ስለነበርኩ ከነጠላው ሥር እጃቸውን አየሁ። የነጠላቸውን ጫፍ ጨምድደው ይዘው ነበር። እውነትም እናቷ አልነበሩም። ሰርጉ ቢቀር አባቴ በእሳቸው ብቻ እንደሚፈርድ ያውቁ ነበር፤ ሰብለም ዳዊትን ትወደዋለች። ድምፃቸው ላይ ግን ያ ሁሉ አይታወቅም ነበር።

ሰብለ ያኔ ጉትቻዎቹን አወለቀች። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን ቀዩ ጨርቅ ላይ አስቀመጠች። ቀለበቱን አወለቀች። የሀብሉ መቆለፊያ ሲያስቸግራት ጋሽ ከማል ሊረዷት እጃቸውን ዘረጉ፤ በራሷ ፈታችው። ሀብሉን ቅጠሎቹ እንዳይጣመሙ አስተካክላ አጋደመችው። ከዚያ ባዶ ክንዷን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች።

«ድፍኑን ይለኩልኝ» አለች።

ዳዊት መቼ እንደገባ አላየሁም፤ በሩ ላይ ቆሟል። ጆሮው ቀልቷል። ሁሉንም ሰምቷል፤ አዴ ብርቄ ባሉበት ውጪ ቆሞ የማይሰማ የለም። «እማዬ» አለ ጫማውን እያየ፣ «ይጻፍላት።» እናቱ አዩት። ደገመው። «ይጻፍላት አልኩ።»

ጋሽ ከማል አምባሩን በትንሽ ማሰሪያ አስረው፣ ጫፉ እንደ ሰንደል የቀጠነ ብረት ይዘው አቀረቀሩ። ከብረቱ ፊት ፀጉር የመሰለ የወርቅ ጭራሮ እየተጠቀለለ ይወጣ ነበር፤ በብሩሽ እየጠረጉ ወረቀት ላይ ሰበሰቡት። ሦስት ፊደል ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ሲጨርሱ አዴ ብርቄ አምባሩን ተቀብለው አውራ ጣታቸውን ከውስጡ አሻሹት።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ሰብለ ይላል።»

«ሌላ የለውም?»

«የለውም።»

«ይበቃል» አሉና ለሰብለ ሰጧት።

በጥሎሹ ቀን ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ሚዜዎቹ ሻንጣውን ከፍተው ቀሚሱን፣ ካባውን፣ ጫማውን አንድ በአንድ እያነሱ አሳዩ። የወርቁ ሣጥን ተከፈተ። ሽማግሌው አምባሩን ከፍ አድርገው «አንድ የወርቅ አምባር» አሉና ሣጥኑን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው ተመለከቱ። «ሌላስ?» አሉ። ሴቶቹ ዘንድ ጉምጉምታ ተነሳ። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ይታየኛል። የቪዲዮ አንሺው መብራት እሱ ላይ ነበር።

አዴ ብርቄ ከሴቶቹ መሀል ተነሱ። «ሌላ የለም። ከውስጡ ያለውን ያንብቡት እንጂ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ኪሳቸው ውስጥ ፈለጉ፤ አጡት። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተ ና» አሉኝ አዴ ብርቄ። ያን ድንኳን በሰው እግርና ጉልበት መሀል እንዴት እንዳቋረጥኩት አላስታውስም። አምባሩ ከሽማግሌው እጅ ሙቀት ተቀብሎ ነበር። መብራቱ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰብለ» አልኩ።

«ጮክ በል፣ አልሰማሁም።»

«ሰብለ» አልኩ፤ ድምፄ ተሰነጠቀ። እስከዛሬ ከዚያ በላይ ጮኼ አላውቅም። ከዚያ ከሙሽራው ወገን፣ ከወይዘሮ ጽጌ ኋላ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን እልል አለች። ሄለን ነበረች። አማቷ ዞር ብለው ቢያይዋትም እልልታዋን አላቋረጠችም።

አባቴ ለአንድ ዓመት ያህል አዴ ብርቄን አላናገራቸውም። አዋረዱኝ ነበር የሚለው። እህላችንን ሁለት መንገድ ተሻግረን ሌላ ወፍጮ እንድናስፈጭ አዘዘ። በበራቸው ባለፍኩ ቁጥር አዴ ብርቄ ከውስጥ «የዚያኛው ድንጋይ አሸዋ ይቀላቅላል፤ ለአባትህ ንገረው» ይሉኝ ነበር። ይቅርታ ብለው አያውቁም፤ አስታርቁኝ ብለው ሰው አልላኩም። አንድ ቀን አባቴ ከእንጀራው ውስጥ ጠጠር ነክሶ ጥርሱን ያዘ። በማግስቱ ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ እሳቸው ዘንድ ገባ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሞተሩ ይሠራ ነበር።

ወይዘሮ ጽጌ ከመልሱ በኋላ እንደ ልማዳቸው «አምባሩን ላስቀምጥልሽ» ብለው ነበር። ሰብለ «ስሜ አለበት፣ አይጠፋም» አለቻቸው። ያኔ ከዳዊት ጋር ሞጆ ነበር የሚኖሩት። ልብስ ስታጥብም፣ ሽንኩርት ስትከትፍም ከክንዷ አታወልቀውም ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ አዳማ መጣችና ጋሽ ከማል ዘንድ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። ፊደሉ ደብዝዞባት ልታስደምቀው መስሎኝ ነበር። አምባሩን አውልቃ ሰጠቻቸው። ጋሽ ከማል ስም ያለበትን የሚገዛ ስለሌለ ማቅለጥ እንዳለባቸው ነገሯት። «ያቅልጡት» አለች። የእሳቱን ምላስ በሸክላ ጽዋው ላይ ሲያወርዱት ቆሜ አየሁ። ወርቁ ገና ሳይፈስ፣ ገና የአምባር ቅርጽ እንዳለው፣ ፊደሎቹ ቀድመው ጠፉ። ከዚያ ሁሉም ነገር አንድ የሚንቀጠቀጥ ጠብታ ሆነ። በዚያው ወር ኮሌጅ ተመዘገበች።

እኔ አልገባኝም። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የተካድኩ ያህል ተሰማኝ። በቀጥታ ወፍጮ ቤት ሄጄ እንባዬ እየወረደ ለአዴ ብርቄ አሳበቅኩባት። ሞተሩን አጠፉት።

«ማን ሸጠው?» አሉኝ።

«ራሷ።»

«ማን አዘዛት?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?» ቅንድባቸው ላይ ያለውን ዱቄት በክንዳቸው ጠረጉ። «ስሟን ያስጻፍኩት እሷ እንዳትሸጠው መሰለህ? ሌላ ሰው እንዳይሸጥባት ነው እንጂ።» ከዚያ ሞተሩን አስነሱ። የሚፈጭ ስንዴ ይጠብቃቸው ነበር።

ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ዘመዶቻቸው ከአርሲ ነገሌ መጥተው ሞተሩን ሸጡ፣ ድንጋዮቹን ጫኑ። ወርቅ አልተገኘባቸውም፤ ቢፈልጉም አያገኙም ነበር። ፎቶግራፋቸው እንኳ የለኝም፤ ያለው በሰብለ ሰርግ ቪዲዮ ላይ ከኋላ በኩል ቆመው «አልሰማሁም» ሲሉ የሚታዩበት ነው።

ባቱ ላይ ሚዛኑን ጠግኜ ስጨርስ አውቶቡስ ይዤ ወደ አርሲ ነገሌ ወረድኩ። ሰብለ እዚያ የራሷ መድኃኒት ቤት አላት። ስገባ ወይዘሮ ጽጌ ባንኮኒው ፊት ተቀምጠው ነበር፤ አርጅተዋል፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከሻሸመኔ ድረስ መጥተው ከእሷ ነው የሚወስዱት። ሁልጊዜ ክንዷን ያያሉ። ጠይቀዋት አያውቁም ነበር። የዚያን ቀን ግን ጠየቁ።

«ያ አምባር የት ደረሰ?»

ሰብለ ኪኒና ወደ ወረቀት ከረጢት እየቆጠረች ነበር። ቆጠራዋን አላቋረጠችም፤ ጨርሳ ነው ቀና ያለችው።

«ሸጥኩት፣ እማማ» አለች።

ወይዘሮ ጽጌ ተመለከቷት። እሷም ተመለከተቻቸው። ከዚያ ከረጢቱ ላይ «ጠዋት ጠዋት አንድ» ብላ ጻፈችና እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።